ውኃ ያልነካት ጀልባ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ካፒቴን» የማይለው ሰው አልነበረም። የደመወዝ መክፈያው ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው፤ ሥራውም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። ከውኃ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱ ብቻ ነበር። ስሙን ያወጣችለት ጸሐፊዋ ናት፤ ለቀልድ ነበር ያወጣችው። እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለውና በስልክ እንኳ «ካፒቴን ነኝ» ማለት ጀመረ።

ስለ ግምጃ ቤቱ አስቀድሞ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ያለዚያ ሰውየው አይገባም። ካፒቴን ያልተሟላ ዕቃ አያወጣም። አንድ ክረምት የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ በየማዕዘኑ ሲያፈስ ጸሐፊዋ ባልዲ ልትጠይቅ ወረደች። ባልዲ በባልዲ ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል።

«ክዳናቸው አልመጣም» አላት።

«ክዳን ምን ያደርግልኛል? የሚንጠባጠበውን ልቀበልበት እኮ ነው።»

«እኅቴ፣ ባልዲውን ዛሬ ካወጣሁት፣ ነገ ክዳኑ ሲመጣ ምን ላይ ልከድነው ነው?»

ሠራተኛው ሁሉ እስኪያባራ ድረስ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጽፍ ሰነበተ። ክዳኖቹ እስከ ዛሬ አልመጡም፤ ባልዲዎቹም እስከ ዛሬ አዲስ ናቸው። ካፒቴን ከቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወደው «አዲስ» የሚለውን ነው። አብልጦ የሚጠላው ደግሞ «ያገለገለ» የሚለውን ሲሆን፣ ይህን ቃል ሲናገር ፊቱ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ይጨማደዳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ጀልባ ገዛ።

የገዛበት ምክንያት ጥሩ ነበር፤ ይህን መንፈግ ነውር ነው። አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ጡረታ የወጡ ጸጉር አስተካካይ ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው፣ ማለትም ከካፒቴን ሚስት ጋር ነው። በዚህ ዓለም የቀራቸው አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ አማቱ ራሳቸው ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ሆነውም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ጋሼ ወንዙ ወደ ታች ወርዶ ዱር ውስጥ በሚገባበት፣ ሁለቱም በተወለዱበት ስፍራ ይኖራሉ። መኪና እዚያ አይደርስም፤ ስልክም አይሠራም። ድሮ ሰው የሚጭን ጀልባ ነበረ፣ ባለቤቱ ሲሞት ቀረ። አሁን በጫካው መንገድ የሚመላለሱት የደረቀ ዓሣ የሚሸከሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱም በእግራቸው። የአማቱ ጉልበት ደግሞ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን እንኳ በአንድ ትንፋሽ አያደርሳቸውም።

አንድ ቀን ራት ላይ አማቱ ሹካቸውን አስቀምጠው «ጋሼን ሳላየው ልሞት ነው» አሉ።

ካፒቴን አፉን የሞላውን እንኳ ሳይውጥ «አባባ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ።

ሚስቱ ያን ማታ እንደ አዲስ ወደደችው። አማቱ ደግሞ ያንኑ ማታ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አዘጋጁ። ውስጧ ሁለት ሸሚዝ፣ መቀስና ማበጠሪያ አደረጉ። «ጋሼ ጸጉሩን ለማንም አይሰጥም፤ እኔ ነኝ የማስተካክለው» አሉ።

ጀልባዋ በጭነት መኪና መጣች። ብርቱካናማ፣ ረጅም፣ ሁለት ሰው ከነጓዙ የምትይዝ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ መረቃት። የትም አልገባ ስትል ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሶፋው በላይ፣ በሁለት ትልልቅ ማንጠልጠያ ተሰቀለች። እንግዳ ሲነሣ ግንባሩን ይገጫል፤ ካፒቴን ደንግጦ ይሮጣል፣ ጀልባዋን ሊያይ። ጫፍና ጫፏ ላይ የተጠቀለለው ላስቲክ እንዳይነሣ ተብሎ ቤቱ ውስጥ ሕግ ወጣ።

ወንዙ ለጉዞ ልክ የሚሆነው ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በፊት ይደነፋል፤ ከዚያ በኋላ ይጎድልና ድንጋዩ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሳምንታቱ ሲደርሱ መቅዘፊያዎቹ ከበዱ። «በዚህ መቅዘፊያ ሽማግሌ ይዤ አልገባም» አለ ካፒቴን፤ የተናገረው በእንክብካቤ ነበርና ማንም አልተቃወመውም። ቀላሎቹ መቅዘፊያዎች ሲመጡ ድንጋዩ ወጥቶ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ድንኳን ተገዛ፣ የመኝታ ከረጢት ተገዛ፣ ኮምፓስ ተገዛ፣ ውኃ የማያስገቡ ሻንጣዎች ተገዙ። ሻንጣዎቹ ግን ትልቅና ትንሽ ሆነው መጡ፤ መካከለኛው ቀረ። መካከለኛ የሌለው ትልቅና ትንሽ ደግሞ በካፒቴን ሕግ ያልተሟላ ነው። በዚያ ዓመትም ድንጋዩ ወጣ።

እሑድ እሑድ ልምምድ ነበር። ጀልባዋ ከግድግዳ ትወርዳለች፣ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ካፒቴን ከኋላ ገብቶ አየሩን ይቀዝፋል። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ንጽህና ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስታነሣ የምትውል ሴት ናት፤ ክንዷ የዋዛ አይደለም። መወልወያዋን ይዛ ትመጣለች።

«እግርህን አንሣ።»

«እየቀዘፍኩ ነው።»

«ቅዘፍ፤ ግን ወደ በሩ ቅዘፍ፣ እዚህ ልወለውል ነው።»

አንድ እሑድ ክብደት ማመጣጠን ያስፈልጋል ተብሎ አማቱ ከፊት እንዲቀመጡ ተጠየቁ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለበሱ፤ ተደግፈው ገቡ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ልጃቸውን ልከው ያችን ቦርሳ አስመጡ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነበር።

«ዛሬ ነው እንዴ?» አሉ።

«አይ አባባ፣ ልምምድ ነው።»

ሚስቱ መወልወያዋን አቁማ ባሏን አየችው፤ የሚያይ ዓይን ቢኖረው ያ አስተያየት ይበቃው ነበር።

መሥሪያ ቤት ግን ካፒቴን ነገሠ። ሻይ ሰዓት ላይ ስለ ወንዝ ያስተምራል፦ ማዕበል እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ካምፕ የት እንደሚተከል፣ የተገለበጠ ጀልባ እንዴት እንደሚቃና። የሚያስተምረው ሁሉ ካነበበው አንድ የጀልባ መጽሐፍ ነው፤ እሱ ራሱ ውኃ የሚገባው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው። ሾፌሩ ትምህርቱን ሰምቶ አመነ። ከዘመዱ የተበሳ ጀልባ ተውሶ፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፍኖ፣ ሚስቱን ጭኖ ሁለት ቀን ወንዝ ላይ አድሮ ተመለሰ። ፎቶውን ለመምህሩ አሳየ። ካፒቴን መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ መረመረው።

«የሰደርያዋ ማሰሪያ ላልቷል» አለ።

«ተመልሰን መጥተናል እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ዕድል ነው።»

«አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ጸሐፊዋ ጠየቀች።

«ዝግጅት ላይ ነን።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ጸሐፊዋ፤ የቀረውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልጨረሰችውም።

በሦስተኛው ዓመት መቅዘፊያው ቀሏል፣ መካከለኛው ሻንጣ መጥቷል። እውነት ለመናገር የጎደለ አልነበረም። ካፒቴንም ይህን ሲያውቅ እንቅልፍ አጣ። ጀልባዋ ልትረጥብ ነው፤ ከረጠበች ደግሞ ያገለገለች ናት፤ ያገለገለ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ሲሆን ማንም አላየም። መጽሐፉን ደጋግሞ አገላበጠና በመጨረሻው ምዕራፍ ግርጌ ላይ እፎይ የሚያሰኝ ነገር አገኘ፦ ጀልባ ውስጥ የሚገባን ውኃ የሚያወጣ የእጅ ፓምፕ። በማግሥቱ አዘዘው። ፓምፑ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ እንዲያውም ከሩቅ የሚመጣውን ነው የመረጠው።

ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ልክ በሆነ ሰሞን አንድ የዓሣ ነጋዴ ቅርጫቱን ተሸክሞ በሩን አንኳኳ። ጋሼ ወድቀዋል፤ እህል አይበሉም፤ «ወንድሜ ይምጣ» ብለዋል። መልእክቱ ይኸው ነበር። አማቱ ግድግዳውን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ፤ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ጀልባዋ ሥር ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ነገ ጠዋት» አለች ሚስት።

«ፓምፑ አልመጣም» አለ ካፒቴን።

«የምን ፓምፕ?»

«ውኃ ቢገባስ? አባባን ይዤ፣ ውኃ ቢገባስ? ከመሞት መሰንበት ይሻላል። በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብለውኛል።»

«ሰውየው ሁለት ሳምንት አለው?»

«ያልተሟላ ጀልባ አላወጣም» አለ ካፒቴን፤ ሳሎኑ ግምጃ ቤት የሆነ ያህል። ልመናው፣ ቁጣው፣ ዝምታው ሁሉ ተሞከረ፤ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። አማቱ በመጨረሻ «ተዪው ልጄ» ብለው ቦርሳዋን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ተመለሱ። በሩ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

በማግሥቱ ካፒቴን ከሥራ መጣ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የሆነ ነገር ልክ አልመጣለትም። ትንሽ ቆይቶ ገባው፤ ሲቀመጥ አላጎነበሰም። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ሁለቱ ማንጠልጠያ ብቻ ነው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይኼኔ ነው።

ጎረቤቱ በያጅ መኪናውን ሰጥቶ ወንዝ ድረስ እንዳደረሳቸው አልደበቀም። «ምን ይዘው ሄዱ?» አለው ካፒቴን።

«መቅዘፊያ፣ ሰደርያ፣ ብርድ ልብስ፣ ዳቦና ቅቅል ድንች። አንድ ጣሳም ነበረች።»

«ድንኳኑስ?»

«ማሸጊያውን ከፍተው ለመጨረስ ጊዜ የላቸውም ነበር።»

ካፒቴን እስከ ወንዙ ሮጠ። ዳር ላይ አንድ ሰው መኪና ያጥባል። ብርቱካናማዋ ጠዋት መሄዷን፣ ሴትዮዋ እንደ ወንድ እንደምትቀዝፍ፣ ሽማግሌው ከፊት ሆነው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያሉ ይመሩ እንደነበር ነገረው።

«በአሸዋው በኩል ነው ያስገቧት ወይስ በድንጋዩ?»

«እኔ ሰዎቹን ነው ያየሁት» አለ አጣቢው።

ቤቱ ሲመለስ ፈራ። ለሚስቱ ፈራ፣ ለአማቱ ፈራ፣ ለጀልባዋ ሆድም ፈራ፤ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደ ሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እንቅልፍ ባጣባቸው ሌሊቶች የሚስቱን ትራስ ወደ ራሱ ስቦ መተኛቱም እውነት ነው። በመሥሪያ ቤት ግን ሻይ ሰዓት ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ «ቤተሰቤን ወደ ታች አሰማርቻለሁ» ይል ነበር። «ዝግጅቱ ጥሩ ከሆነ ሴትና ሽማግሌም ይደርሳል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፓምፑ ከዚህ በኋላ መጣ። ካፒቴን ሳጥኑን ከነማሸጊያው በየቀኑ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ይዞ ይመላለስ ጀመር። ሲመለሱ ምን እንደሚል አጥንቷል፦ «አሁን ተሟላ፤ ከርሞ በደንብ እንሄዳለን።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የበያጁ መኪና በር ላይ ቆመች። የጋሼ ሁለት ልጆች ጀልባዋን ከዳር ሆነው በገመድ እየጎተቱ ሽቅብ አምጥተዋት ነበር። ሚስቱ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አማቱ ጭቃ የነካው ሱሪ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በዝግታ ወረዱ።

ካፒቴን ቀድሞ የደረሰው ጀልባዋ ጋ ነው። ገለበጣት። ሆዷ ከዳር እስከ ዳር ተቧጥጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው» አለች ሚስቱ።

«የቱ ድንጋይ?»

«የጋሼ ደጃፍ ያለው» አሉ አማቱ። «ልጆች ሆነን ከእሱ ላይ ነበር የምንዘለው።»

«ተጎትታ ነው የወጣችው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ተነሥታ ነው እንጂ ተጎትታ አትወጣም፤ ነግሬ ነበር» አለ፤ በጣቱም ጭረቶቹን አንድ በአንድ ተከተለ። ጎረቤቱ በያጅ መሬት መሬት አየ። ካፒቴን ቀና አለና የቀሩት ሁሉ እሱን እያዩ መሆናቸውን አስተዋለ፤ ያኔ ትዝ አለው።

«ጋሼስ? እንዴት ናቸው?»

«ደረስንበት» አሉ አማቱ። «ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ። ሁለት ቀን ስናወራ ሰነበትን። ጸጉሩን አስተካከልኩት። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

ካፒቴን ለሰው የሚባለውን ነገር ፈለገ፤ አልነበረውም። ያለው በብብቱ የያዘው ሳጥን ብቻ ነበር።

«ፓምፑ መጥቷል» አለ።

አማቱ ተቀበሉት። ሳጥኑን ከፍተው ፓምፑን አወጡ፤ ብርሃን ላይ አዟዟሩት።

«ምን ያደርጋል?»

«ጀልባ ውስጥ የገባ ውኃ... ያወጣል።»

«እኛ በጣሳ ነው ያወጣነው» አለች ሚስቱ።

ሽማግሌው ፓምፑን በጥንቃቄ ወደ ሳጥኑ መለሱት፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ በሁለት እጃቸው ለአማቻቸው አስረከቡት።

«ጥሩ ዕቃ ነው ልጄ» አሉ። «አስቀምጠው።»