የማይቆረቁረው እግሬ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን። ባለፈው እዚሁ ቆሜ ስለ እግሬ ስነግራችሁ እልል ብላችሁልኝ ነበር። ዛሬ የተነሳሁት የቀረውን ልጨምርላችሁ ብዬ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ታገሱኝ።

ቤታችን ከብልባላ ወዲህ መሆኑን ታውቃላችሁ። በጉልምስናዬ በዚያ አገር እኔን በመንገድ የሚቀድም አልነበረም። ሰው በበቅሎ ወደ ላሊበላ ሲነሳ እኔ በአቋራጭ ወርጄ እጠብቀዋለሁ። ባለቤቴ ዓለምነሽ ከእኔ ቀድማ ጌታን አገኘች። "አንተስ መቼ ታምናለህ?" ስትለኝ፣ "እኔ እግሬን አምናለሁ፤ እስከ ዛሬ ጥሎኝ አያውቅም" እላት ነበር።

እግሬ ግን ጣለኝ። መርገጫዬ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ያቃጥለኝ ጀመር። በጨው ውሃ ብዘፈዝፈው፣ ቅቤ ብቀባው አልተወኝም። ሲብስብኝ ዓለምነሽን ተከትዬ እዚህ መጣሁ። ጸለያችሁልኝ፤ እኔም ጌታን ተቀበልሁ። ውሎ አድሮ ማቃጠሉ ተወኝ። ያን ጊዜ ነው የመሰከርሁላችሁ። ጌታ ይመስገን፤ እስከዚህ ያለውን ሰምታችሁታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዓለምነሽ ለቅሶ ሄደች። እኔም ቤቱን ቆልፌ፣ በአህያ ስንዴ ጭኜ ብልባላ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ወንዙ ደፍርሶ ጠበቀኝ። ኮንጎ ጫማዬን አወለቅሁ። ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ ውሃ እንዳይወስደው ብዬ ጫማው ውስጥ ከተትሁት፤ ጫማውን በእጄ ይዤ ተሻገርሁ። ማዶ ስንደርስ አህያዋ መንገድ ለቃ የሰው ማሳ ገባች። እኔም ጫማዬን አጥልቄ እየተጣደፍሁ ተከተልኋት።

ቤት ስደርስ ዓለምነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። "ክፈትልኝ እንጂ" አለችኝ። ኪሴን ዳበስሁ፤ የለም። ጆንያውን አራገፍሁ፤ የለም። ጎረቤታችን ሞላም መጣ፤ እሱ የተዋሕዶ ሰው ነው፣ ከእኔ ጋር መቀላለድ ይወዳል። "ወንዝ ዳር ጥለኸው ይሆናል" ቢለኝ እስከ ወንዙ ተመልሼ ፈለግሁ፤ ያውም በዚያው ጫማ። በመጨረሻ ሞላ ጓጉንቸሩን በመጥረቢያ ሰበረልን።

ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩን መታጠቡ የአገራችን ወግ አይደል፣ ዓለምነሽ ውሃ አሙቃ አመጣች። ግራ ጫማዬን ስታወልቅልኝ ቁልፉ ሳፋው ውስጥ ጠብ አለ። ውሃውም በደሜ ቀላ። የቁልፉ ጥርስ እንዳለ መርገጫዬ ላይ ታትሟል።

"ይሄን ሁሉ መንገድ እንዴት አልቆረቆረህም?" አለች።

"ጌታ ሕመሙን ወስዶልኛል እኮ።"

ሞላ ቁልፉን ከሳፋው አንስቶ አየት አደረገና፣ "ታዲያ ይሄንንም አብሮ ቢወስድልህ ምን ነበረበት?" አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ስለማያመኝ ቁስሉን ችላ አልሁት። ሰንበት ብሎ ዓለምነሽ ጠረኑን አወቀችው። "ነገ ጤና ጣቢያ ነው" አለች እንጂ አላማከረችኝም።

ነርሷ ገና ልጅ ናት፣ ትሁት። "አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካዎት 'አዎ' ይበሉኝ" አለችኝ። ጨፈንሁ። ጥቂት ጠብቄ "አዎ" አልሁ።

"አባባ፣ ገና አልነካሁዎትም።"

እንደገና ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። "ኧረ ጀምሪው ልጄ" ብላት፣ "ጨርሻለሁ እኮ" አለችኝ።

ደሜን መርምራ ስኳር እንዳለብኝ ነገረችኝ። "አባባ፣ ሕመሙ የተወዎት ስለዳኑ አይደለም። ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ወስዶት ነው። ቁስሉ አጥንት ከነካ እግርዎ ሊቆረጥ ይችላል። እስኪድን ድረስ እንዳይረግጡበት።"

ወገኖቼ፣ የእግሬ ነገር አስፈራኝ፤ ከዚያ የባሰብኝ ግን የምስክርነቴ ነገር ነው። "እንግዲያ እኔ በምን አመንሁ?" አልኋት ዓለምነሽን። አሰብ አደረገችና፣ "ያመንኸው ሕመሙ ስለተወህ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬም የምታምነው እግርህን ነው" አለችኝ።

ያ ቃል ልቤ ገባ። እዚያው ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህ እግር ቢተርፍም ቢቆረጥም እኔ ያንተ ነኝ። ፈቃድህ ከሆነ ግን ሕመሜን መልስልኝ" አልሁ። ሕመሜን መልስልኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸለይሁ።

ጊዜው የእርሻ ነበር፤ እኔ ግን ቁጭ። እናንተ እየመጣችሁ ጸለያችሁልኝ። ሞላም "እናንተ ጸልዩ፤ እኔ በሬ አለኝ" ብሎ ማሳዬን አርሶ ዘራልኝ። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች ታሽግልኛለች፤ እኔ ኪኒኔን እውጣለሁ። በቅሎ ስቀድም የነበርሁት ሰውዬ በአህያ ተጭኜ ጤና ጣቢያ ስመላለስ ያየ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቁስሉ አጥንት ሳይነካ ከሥሩ እየሞላ መጣ፣ ገጠመም። "አባባ፣ እግርዎ ተርፏል" አለችኝ። ሃሌሉያ፤ ይኸው በሁለት እግሬ ቆሜአለሁ።

ስሜቱ ግን አልተመለሰም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ጌታ ግን በሌላ እጅ ሰጠኝ። ሲመሽ ዓለምነሽ እግሬን አጥባ፣ በጣቶቼ መካከል አድርቃ፣ መርገጫዬን ትዳብስልኛለች። ጠዋትም ጫማዬን ሳታራግፍ አታስወጣኝም። ዛሬ ወደዚህ ስንነሳ ብታራግፈው አንዲት ባቄላ ወደቀች። ለእኔ የማይሰማኝ ለእሷ ይሰማታል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የሚያቃጥላችሁም የደነዘዛችሁም አትፍሩ፤ ጸልዩ፣ ጤና ጣቢያም ሂዱ፣ ጫማችሁንም አራግፉ። ጌታን ግን ሕመሙ ሲሄድም ሳይሄድም እመኑት፤ እኔን በማይሰማኝ እግር እዚህ ድረስ አምጥቶኛል። ስሙ ይባረክ።

አዲስ ጓጉንቸር ገዝተናል። ቁልፉ ያለው ግን ዓለምነሽ አንገት ላይ ነው።