የሠርኬ በርበሬ እግሮች

ሠርኬ ልትፈታው የተነሳችው እንቆቅልሽ አንድ ነበር፤ ደረቅ በርበሬ ውስጥ የሚገኘው ትል ከየት ይመጣል? ለሌላ ሰው ተራ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። እሷ ግን የእናቷን ቦታ ያጣችው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

በርበሬ በረንዳ ውስጥ፣ ገበያተኛ ከታክሲ ወርዶ መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የሠርኬ እናት ሠላሳ ዓመት የበርበሬ ዛላ ዘርግተው ሸጠዋል። እናቷ ሲያርፉ ሠርኬ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ቦታውን ተረከበች። ጎረቤቷ ይገረም ይባላል። ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ያከፋፍላል፤ ምላሱ ከሚዛኑ ይፈጥናል። ባለፈው መስከረም ሠርኬ ከእሱ አንድ ጆንያ ድንብላል ገዝታ ከዛላዋ አጠገብ አስቀመጠች። ኅዳር ሲያልቅ ዛላው ውስጥ ነጫጭ ትሎች ታዩ። ይገረም ቅዳሜን ጠበቀ። ገበያው ጢም ሲል አንዱን ዛላ ሰንጥቆ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«የሠርኬን በርበሬ የምትገዙ፣ ተሸካሚ አትቅጠሩ» አለ። «እግር አውጥቶ ራሱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።»

ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን የባሰው መጣ። ትል ከእርጥበት ይወለዳል፣ እርጥበቱስ ከየት መጣ፣ ሚዛን እንዲደፋላት ውሃ አርከፍክፋበት ነው ብሎ አወራ። በበርበሬ በረንዳ ከዚህ የከፋ ስም የለም። የተራው ሽማግሌዎች ትሉን በዓይናቸው አይተዋል። አለቃቸው ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሠርኬ ወደ ኋላ ተራ፣ ጆንያ ሰፊዎች ዘንድ እንድትሄድ ወሰኑ። በሳምንቱ የይገረም ጆንያዎች በእናቷ ቦታ ላይ ተደርድረው ዋሉ።

ሠርኬ አላለቀሰችም። ከኋላ ተራ ሆና በጆንያዎቹ መካከል የይገረም ጀርባ ይታያታል፤ ያንን ጀርባ ስታይ ትውላለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እሷ ግን ቁናውን ሌላ እስኪያመጣው ድረስ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበራትም። እዚያው ቦታ፣ ቅዳሜ ቀን፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ በገዛ ቃሉ ልታዋርደው ፈለገች። ለዚህ ደግሞ የትሉን ማንነት ማወቅ ነበረባት።

መልሱ የመጣው ከመጠቅለያዋ ነው። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ወደ ወረቀት ተመልሷል። ሠርኬም አሮጌ መጻሕፍት በኪሎ ገዝታ፣ እየገነጠለች ሚጥሚጣና እርድ ትጠቀልላለች። ኋላ ተራ ገዢ አይበዛምና ከመገንጠሏ በፊት ማንበብ ጀመረች። አንድ ማለዳ እጇ ላይ የወደቀው የሳይንስ መጽሐፍ ነበር፤ ያቋረጠችው የስድስተኛ ክፍል።

ያነበበችውን ቀስ ብለን እንከተለው፣ ያስደስታልና። ሳይንቲስቶች እንስሳትን የሚመድቡት በሚኖሩበት ቦታ ወይም ላይ ላዩን በሚመስሉት ነገር አይደለም፤ በአካላቸው አሠራርና በዝምድናቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አከርካሪ አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ካለው ከአምስቱ ወገኖች በአንዱ ይገባል፤ ዓሦች፣ እንደ እንቁራሪት በውሃም በየብስም የሚኖሩ፣ እንደ እባብና እንሽላሊት ያሉ ተሳቢዎች፣ አዕዋፍ፣ አጥቢዎች። የሌሊት ወፍ ብትበርም ከአጥቢዎች ናት። ዓሣ ነባሪም በባሕር ቢኖርም ከአጥቢዎች ነው። ይገረምም ከአጥቢዎች ነው። ሠርኬ እዚህ ስትደርስ ለአጥቢዎች አዘነች።

ከእንስሳት ዓይነቶች አብዛኞቹ ግን አከርካሪ የላቸውም፤ ትልቁ ግርምትም ያለው እዚያ ነው። እኛ በአንድ ስም ትል የምንላቸው አንድ ወገን አይደሉም። የምድር ትል ሰውነቱ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው። ወስፋት ድቡልቡል ነው፣ ቀለበት የለውም። ኮሶ ጠፍጣፋ ነው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚራራቁ ለየብቻቸው ትልልቅ ወገኖች ሆነዋል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ በመገጣጠሚያ የሚታጠፍ እግር የላቸውም። እንዲህ ያለ እግር የተገኘበት ፍጡር ከሌላ ትልቅ ወገን ነው፤ እዚያ ውስጥ እግር ይቆጠራል። ስድስት ከሆነ ከነፍሳት ነው። ስምንት ከሆነ ከሸረሪትና ከመዥገር ዘመዶች ነው።

ሠርኬ መጽሐፉን አጥፋ ከመቀነቷ ሥር ሸጎጠችና አንዋር መስጊድ አጠገብ ወደሚሠራው ሰዓት ሠሪ፣ ወደ አሚር ሄደች። ዓይኑ ላይ የሚሰካውን አጉሊ መነጽር አዋሳት። ይዛው የመጣችውን ትል አይቶ፣ ሰዓት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ክፍያው እጥፍ ነው እያለ ቀለደባት። እሷ አልሳቀችም። በመነጽሩ ውስጥ ትሉ ፀጉራም፣ የታጠፈ፣ ቡናማ ራስ ያለው ሆኖ ታየ። ከራሱ ሥር ጥቃቅን እግሮች ነበሩት። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ስድስት።

ትል አልነበረም። ታዲያ ምንድን ነው? መጽሐፉ ወደ ቀጣዩ ገጽ መራት፤ ቀጣዩ ገጽ ግን የለም። በዋዜማው ራሷ ገንጥላ ለደንበኛዋ ለማሚቱ ሚጥሚጣ ጠቅልላበታለች።

ማሚቱ አብነት ሰፈር ምሳ ቤት አላት። ሠርኬ እያለከለከች ደርሳ ወረቀቱን ስትጠይቃት፣ ሚጥሚጣው ተመልሶ እንዲሰጣት የመጣች መስሏት ተኮሳተረች። ገጹ ከጨው ዕቃ ሥር ተነጥፎ፣ ግማሹ በዘይት ርሶ ተገኘ። አራት ሥዕሎች ነበሩበት፤ እንቁላል፣ ከእሱ የሚፈለፈል ትል መሰል እጭ፣ እጩ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ጊዜ፣ በመጨረሻም ክንፍ ያለው ጢንዚዛ። ብዙ ነፍሳት እንዲህ ያድጋሉ፤ ልጁ እናቱን አይመስልም።

ማንበብ ብቻ ማንንም እንደማያሳምን ሠርኬ ታውቃለች። ሦስት ጠርሙሶች አዘጋጅታ ክዳናቸውን በመርፌ በሳች። በአንደኛው ትሎቹን ከደረቅ ዛላ ጋር ከተተች። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው፣ እንቁላል ካለ እንዲሞት ዛላውን በድስት አጋለችው፤ ከዚያ የሁለተኛውን ውሃ አርከፈከፈችበት፣ የሦስተኛውን ደረቅ ተወችው። ሦስቱንም ቆርቆሮው በሚያሞቀው ቆጥ ላይ ደረደረች። በሃያ ሰባተኛው ቀን በአንደኛው ጠርሙስ ትል የለም፤ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ቡናማ ነቀዞች ይርመሰመሳሉ። ሁለተኛው ሻጋታ አብቅሏል፣ ትል ግን አልወጣበትም። ሦስተኛው እንደነበረ ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ጠራች። ይገረምም ቆሞ እንዲሰማ ለመነች፤ ልመናዋ ከትእዛዝ አይተናነስም ነበር።

«ጋሼ፣ ይገረም እውነቱን ነው» አለች ለጋሽ ኃይለመለኮት መነጽሩን እያቀበለች። «እግር አለው። ስድስት። እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩት።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ቆጠሩ።

«ትል ስድስት እግር የለውም። ይሄ የነቀዝ ልጅ ነው፤ ውሃ አይወልደውም። ውሃ የወለደውን ካሉ ያውልዎት» አለች፣ የሻገተውን ጠርሙስ እያሳየች።

ሳቁ ፊቱን አዞረ። አንዱ ከኋላ ሆኖ ይገረምን፣ ያንተስ ድንብላል በእግሩ ነው ወይስ በታክሲ የሚመጣው ብሎ ጠየቀው። የይገረም ጆሮ ሲቀላ ሠርኬ አየች። ጥርሷን ነክሳ አየችው፤ አልጠገበችም። ሽማግሌዎቹ የውሃው ክስ ሐሰት መሆኑን እዚያው ተናገሩ። ይገረም ግን ምላሱ ቶሎ ተመለሰለት።

«እሺ፣ ልጅ ነው» አለ። «አባቱ የማን ጆንያ ውስጥ ነው? እሱን አምጪ።»

ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጆንያዎቹንም አላነሳም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ነቀዙ ከማን ዕቃ እንደመጣ ሲታወቅ ቦታው ይወሰናል፤ ከእሷ ከሆነ ለይገረም ይጸናል አሉ።

ሠርኬ የይገረምን ድንብላል ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ልታስቀምጥ ነበር። አሚር ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«የራስሽንስ?»

ተቆጣች። እሱ ግን ወረንጦውን ከሰዓቱ ሳያነሳ ቀጠለ። «ቂም ይዞ ጸሎት ትሉ የለ? ቂም ይዞ ቆጠራም ያው ነው።» ሦስት ቀን ሰላም አላለችውም። በአራተኛው ቀን ሁለት ጠርሙስ ይዛ መጣች። በአንደኛው ጋሽ ኃይለመለኮት ፊት ከተከፈተ የይገረም ጆንያ የተዘገነ ድንብላል አለ። በሌላው ከእሱ ዕቃ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ የራሷ ዛላ አለ። ሽማግሌው ክዳኖቹን በወረቀት አሽገው ፈረሙባቸው።

ጠርሙሶቹ ከታሸጉ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀን ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች በየማለዳው ከቆጡ አውርዳ በብርሃን ትመረምራቸዋለች። ምኞቷ የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ የማያውቅ በተራው ውስጥ የለም። ዛሬ ጠዋት ግን የተንቀሳቀሰ ነገር ያየችው በራሷ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ አንድ ነጥብ፣ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ። ይገረም ከፊት ተራ ቀና ብሎ እያያት ነበር። ጠርሙሱን ልትደብቀው አሰበች፤ አልደበቀችውም። መነጽሩን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ ነጥቧ እስክትቆምላት ጠብቃ፣ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

ስምንት። ከሸረሪት ወገን ናት፤ ነቀዝ አይደለችም።

ቀኑንና ቁጥሩን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈች። ከዚያ የይገረምን ጠርሙስ አንስታ፣ እሱ እያያት፣ ለፀሐይ አዞረችው።