አጎቴ ከንቲባ ሊሆን የነበረ ሰሞን

ባለፈው ማክሰኞ የዋና ከተማችን አዲስ ከንቲባ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በቴሌቪዥን አየሁ። ሰውየው ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃሉን ይደግማል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እኔ ግን ከእሱ ይልቅ ከኋላው የተቀመጡትን ነበር የማየው። ሚስቱ የትኛዋ ናት? እኅት አለችው? ለማን ለማን ነግሮ ይሆን? ልጆቼ "እማዬ ደግሞ ፖለቲካ ጀመረች" ብለው ይስቁብኛል። ፖለቲካ አይደለም። ከንቲባ ሲሾም ባየሁ ቁጥር የሚመለስብኝ አንድ የድሮ ነገር ስላለ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከተማችንንም ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ነበርን፤ የቤታችን ወንድ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደቻሳ ነበር። እናታቸው አርሲ ነገሌ ሲሞቱ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እናቴ ደግሞ የአሥራ አራት ነበረች። እህል ገበያ ውስጥ የሰው ስንዴ እያበጠረች አስተማረችው፤ የውሃ መሐንዲስ ሆነ። ሌላው ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ እሱ ስለ ቦይ ነው የሚያወራው። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ እሱ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል፤ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ሊያይ። እናቴ "ይሄ ልጅ ጎርፍ አግብቶ ሊቀር ነው" ትለው ነበር። እውነትም ሳያገባ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር።

የካቲት ውስጥ፣ ያ የናዝሬት አቧራ እየተጠቀለለ በሚነሣበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ለምሳ መጣ። ከባቱ የመጣ ዓሣ ተጠብሶለት አልበላም። እኔ ጓዳ ዕቃ አጥብ ነበር። ውሃው መፍሰሱን ሲያቆም ሳሎን የሚባለው ሁሉ በመጋረጃው አልፎ ይሰማኝ ጀመር። ጋሼ ወደ ዋና ከተማ ተጠርቶ ነበር። ሰኞ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ከንቲባ ሆኖ ይሾማል።

"እቴቴ፣ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት" አለ። "እስከ ሰኞ ማንም እንዳይሰማ። ሰው አፍ ከገባ ነገሩ ይበላሻል ብለውኛል።"

እናቴ እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን "የኔ ልጅ፣ ይቅርብህ" አለችው። "ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚቆም ሰው ከየት እንደሚወረወርበት አያውቅም።"

"ለወንበሩ አይደለም እኮ፤ ለቦዩ ነው። በየክረምቱ ጎርፍ ሰው ይወስዳል። ሁለት ክረምት ብቻ ይስጡኝ።" ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። ይህን ያህል አንድ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

ሳስበው የሚገርም ሥራ ነው ከንቲባነት። ሚኒስትር በሩቅ ይፈራል። ከንቲባ ግን ቆሻሻ ሳይነሣ ሲቀር ይሰደባል፣ ውሃ ሲጠፋ ይረገማል፣ የመቃብር ቦታ ሲጠብ እንኳ በእሱ ይሳበባል። የዋና ከተማ ከንቲባ ሲሆን ደግሞ ከታች ያለው ይጮህበታል፣ ከላይ ያለው በመስኮቱ ሆኖ ያየዋል። ያኔ ይህን አላስብም ነበር። እኔ የሚታየኝ የአጎቴ ስም በሬዲዮ ሲጠራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት የኳየር ጓደኛሞች ተሰብስበን የምንጸልይበት ሰዓት ነበረን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን ኃጢአት አይደለም። "የእገሊት እጮኛ ትቷታል" ብትል ትገሠጻለህ፤ "እገሊትን በጸሎት እናስባት፣ እጮኛዋ ትቷታል" ብትል ግን ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይቃትታል። ስንት የሰው ጓዳ እንዲህ አድርገን እንደከፈትን እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ተራዬ ደረሰ። የእናቴ ፍርሃት ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስለዚህ ጸሎት የፈለግሁት ከልቤ ነው። ግን አልዋሽም፣ ኩራትም ነበረበት። "ለአጎቴ ጸልዩለት" አልኩ፤ "ሰኞ የዋና ከተማ ከንቲባ ሆኖ ሊሾም ነው። ምስጢር ነው እሺ?" እጅ ለእጅ ተያይዘን አለቀስን። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሼ ደቻሳ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ሳለ የፕሮግራሙ መሪ ማይክራፎኑን ይዞ "ጌታ ከመካከላችን አንድ ዳንኤል አስነሥቷል፤ ነገ በታላቂቱ ከተማ ላይ ይሾማል!" ብሎ ጮኸ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ዞሮ አሜን አለ። ጋሼ የመዝሙር መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጸሎት አልቆ ስንወጣ በሩ ላይ ሰልፍ ጠበቀው። አንዷ ለልጇ ሥራ፣ አንዱ ለወንድሙ መሬት። አንድ የምናውቃቸው ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አደራ!" ብለው ሳቁ። እሱ እያንዳንዱን ሰው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እያለ አለፈ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከበራችን ትይዩ የማላውቃት ነጭ መኪና ቆማለች። መስኮቷ ግማሽ ድረስ ወርዷል።

"እህት፣ የኢንጂነሩ ቤተሰቦች ቤት ይሄ ነው?" አለኝ ውስጥ ያለው ሰው።

"አዎ።"

"እንኳን ደስ አላችሁ።"

አልሳቀም። ዳቦ ገዝቼ ስመለስም እዚያው ነበር። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ገብቼ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋች እንጂ።

ሰኞ ጋሼ ሱፉን ለብሶ ማለዳ ሄደ። እናቴ የመጣው ይምጣ ብላ የአርሲ ደንብ ነው እያለች የገብስ በሶውን በቅቤ ጭኮ አድርጋ ታሽ ጀመር። የሰባት ሰዓቱ ዜና ሲመጣ እጇ በቅቤ እንደተነከረ ነበር። የሌላ ሰው ስም ተጠራ። እናቴ እጇን ሳትታጠብ ረጅም ሰዓት ቆመች።

ጋሼ ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ቢሮው ስንደውል "አልገባም" ብለው ይዘጉታል። ነጯ መኪና ከበራችን ጠፍታለች፤ የእሷ መጥፋት ደግሞ ከመቆሟ ይበልጥ አስፈራን። ረቡዕ የጸሎት ጓደኞቼ ሊጠይቁን መጥተው ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው፤ እንኳን ደስ አላችሁ አይሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አይሉ፣ እንዲሁ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጋሪ በራችን ላይ አወረደው። ጺሙ አድጓል። ጫማው ክር የለውም፤ እየጎተተው ነው የገባው።

"ማል ታቴ? የኔ ልጅ፣ ምን ሆንክ?" እናቴ ስትደነግጥ የልጅነቷ ኦሮምኛ ይቀድማታል።

"አልመቱኝም" አለ ተቀምጦ። "ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማን አስወራ? ከጀርባህ ማን አለ? እኔ ደግሞ የነገርኩት ላንዲት ሰው ነው።" ቀና ብሎ አያት። "እቴቴ፣ አንቺ ነሽ?"

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሳታየኝ "አንቺ፣ ሂጂና ውሃ አምጪለት" አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ "እኔ ነኝ" አለችው።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ወጥቶ ሄዷል። እያለቀስኩ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት "አንቺን ይጠላሻል። እኔን ግን ይቅር ይለኛል፤ አሳድጌዋለሁ" አለችኝ። በሕይወት እያለች እንዳልነግረውም አስማለችኝ።

እናቴ በዚህ ብቻ ተሳሳተች። ጋሼ ከሥራው ተሰናብቶ ባቱ ወረደ፤ ከሐይቁ ዳር መሬት ተኮናትሮ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማ ጀመር። በየዓመት በዓሉ ጭኮ ትልክለታለች። ዕቃው ታጥቦ ይመለሳል፤ ቃል ግን አብሮት አይመጣም። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ስትሞት መጥቶ ከሬሳ ሳጥኗ አልነሣም ብሎ በሰው ኃይል ነው ያነሣነው። መሐላዬ ያን ቀን አብቅቶ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ፤ ከዚያም ዓመቱ በዓመት ላይ ሲደረብ ይበልጥ ፈራሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ቴሌቪዥኑን እንደዘጋሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። አሁን ሰባውን ተሻግሯል።

"አየሽው አዲሱን? ስለ ቦይ አንድ ቃል አልተነፈሰም እኮ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀ። "ዛሬ እናትሽን ሳስብ ዋልኩ። ይቅር ብያታለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አንቺ እወቂልኝ።"

እናቴ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅር ስትባል መስማት አቃተኝ።

"ጋሼ፣ እማዬ አይደለችም። እኔ ነኝ። ጓዳ ሆኜ ሰምቼ ለጓደኞቼ ነገርኩ።"

የሚያልፍ የባጃጅ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

"ታዲያ እሷ ለምን..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ስልኩን አልዘጋውም። ሽማግሌ ሰው ድምፁን አፍኖ ሲያለቅስ ሰማሁ።

ይኸው አምስት ቀን ሆነው፤ ብደውል አያነሣም። ነገ ማለዳ የባቱን ሚኒባስ እይዛለሁ፤ በሩን ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ጋሼን ወንበር ያሳጣሁት እየመሰለኝ ኖሬያለሁ። ያሳጣሁት እኅቱን ነው።