«ዜሮ ጻፊ» ያለኝ ሰው

ከባሕር ዳር የወጣሁበት ማታ ጋሼ ይማም የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ መረብ አልብሰውኝ፣ በዘጌ በኩል አዙረው፣ በጀልባ ወደ ደልጊ አሻገሩኝ። በሐሙሲት መንገድ እንዳልሄድ ኬላው ላይ ስሜ ተነግሮ ነበር።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ታይፕ መቺ ነበርሁ። ማባዣ ማሽኑን ሊቀመንበሩ ራሱ ሲነካካ ሰበረውና «የታይፕ መቺዋ አሻጥር ነው» ተባለ። ተነሺና ግለ ሂስ አድርጊ አሉኝ፤ በሰው ፊት ቆሜ ያልሠራሁትን ሠራሁ ልል። ከኔ በፊት እንዲያ ብሎ ያመነ ልጅ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እኔ አልልም ብዬ ወጣሁ።

መተማን፣ ገዳሪፍን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። መጨረሻው ኖርዌይ ሆነ። እዚህ ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ዓሣውን ቀቅለው ነጭ መረቅ ያፈሱበታል፤ የኛ ዓሣ ጥብስ በዓይኔ ይዞራል። አለቃን በስሙ ጠርቶ አንተ ማለት ነው ወጉ፤ መጀመሪያ ምላሴ እምቢ አለኝ፣ ኋላ ወደድሁት።

አከራዬ ቧንቧ ከፍታ እያሳየችኝ «ይህ ውሃ ነው፤ ብርድ ሲሆን እንዳይረጋ በቀጭኑ እያፈሰስሽ ተዪው» አለችኝ። ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው አልኋት። «በበጋ ይደርቃል?» ብላ አዘነችልኝ።

«ይህን ከተማሽን ቢውጠው አያገሳም» አልኋት።

ሥራ ያገኘሁት የተፈጥሮ ጋዝ በሚጠናበት ላቦራቶሪ ነው። ጋዙን ከበረዶ እጅግ አብልጠው ሲያቀዘቅዙት እንደ ውሃ ይሆንና በመርከብ ይጫናል። ችግሩ፣ ውስጡ የቀረች ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያቺው ከሳንባችን የምናወጣት፣ ቀድማ ትረጋና እንደ ጠጠር ቀጭኑን ቱቦ ትደፍናለች። ስለዚህ ጋዙ ሳይገባ በፊት ኮምፒውተር ሂደቱን በቁጥር አስመስሎ፣ የት እንደሚደፈን ይናገራል። የሚያውቀው ግን የነገሩትን ብቻ ነው። ቁጥሩን የምመታለት እኔ ነበርሁ።

ኦድቫር የሚባል መሐንዲስ የጋዙን የምርመራ ውጤት አምጥቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ ስደርስ «እሱን ዜሮ ጻፊ» አለኝ። ጋዙ ውስጥ አለ እኮ አልሁት። ኢምንት ነው፣ ስሌቱን ያዘገየዋል አለ። ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ሰላም ነው አለ። ጋዙ ሲገባ ቱቦው ተደፈነ፤ ግፊቱ ንሮ መሣሪያው ተሰነጠቀ።

ስብሰባ ላይ አለቃው ስህተቱ የቁጥር አስገቢዋ ይመስላል አለ። ኦድቫርን አየሁት፤ ቡናውን ያማስላል። ወጥቼ እውነተኛውን ቁጥር አስገባሁ፤ ኮምፒውተሩ ልክ የተደፈነውን ቦታ ጠራ። ወስጄ ለኦድቫር አሳየሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አንቺ ግን ቋንቋ ገና እየለመድሽ ነው፤ ይቅር ይሉሻል። እኔን አይሉኝም። ሰኞ ስብሰባው ላይ ተሳስቼ ነው በይ።»

«ባልልስ?»

«ሥራ ከሌለሽ የመኖሪያ ፈቃድሽን ማን ያድስልሻል?»

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎኝ ሄደ። የኛው ሊቀመንበር ቢያንስ ይጮህ ነበር።

እሑድ ባሕር ዳር ደወልሁ። አባቴ በሰው አስነግሬያቸው ስልክ ቤት መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው።

«በይውና ኑሪ ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይህን ላለማለት አይደል የተሰደድሁት?»

«እኔ ብዬዋለሁ» አሉ። «አንቺ እንደሄድሽ፣ ቀበሌው አዳራሽ አቁመውኝ። ከሃዲ ያሳደግሁ ጥፋተኛ እኔ ነኝ አልሁ። ወንድሞችሽ እቤት አሉ፤ ምን ላድርግ?»

«ሰዉ ምን አለ?»

«አጨበጨበ።»

ይህን የምጽፈው እሑድ ማታ ነው። ነገ ስብሰባው ላይ ተሳስቼ ነው አልልም፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ይያዙት። እናንተ ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህ ከደረሳችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አባቴ ተናግረው ሲጨርሱ ወንበር የለቀቀላቸው ሰው ነበር?