በየሜትሩ አንድ አውራ ጣት

የቤት ፕላን መሳል የተማርኩት በፖስታ ነው። ይህን ስናገር የዛሬ ወጣት መሐንዲሶች ፈገግ ይላሉ፤ እነሱ በስልካቸው የሚማሩትን ግን እንደ ቁም ነገር ይቆጥሩታል። ልዩነቱ የእኔ መምህር አንድ ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ወር ይፈጅበት የነበረ መሆኑ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ባሕር ማዶ ነበር። በየጊዜው ቡናማ ፖስታ ይመጣልኛል፤ ውስጡ ቀጭን መጽሐፍና ቀደም ብዬ የላክሁት ሥዕል በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ይገኛል። መጽሐፉ ጣሪያ ላይ ስለሚከመር የበረዶ ክብደት አንድ ምዕራፍ ሙሉ ያወራል። መርካቶ በረዶ የሚጥለው ክረምት ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ያውም ቆርቆሮውን ደብድቦ ይሄዳል እንጂ አይከመርም። ቢሆንም የታዘዝኩትን ሳልሁ፤ አለፍኩ።

አባቴ ሸማ ተራ ውስጥ አቡጀዴና ነጠላ ይሸጥ ነበር። ቀን ቀን አግዘዋለሁ፤ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ባንኮኒው ላይ ወረቀቴን እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሳቀብኝ።

«ቤት መሥራት በፖስታ? ነገ ደግሞ ዋና በደብዳቤ ተማርና አባይን ተሻገር!»

እያደር ግን ማስመሪያዬ ላይ ጨርቅ እንዳይወረወር ደንበኞችን መቆጣት ጀመረ። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻው ሥራ መጣ። የምትኖርበትን ወይም የምትሠራበትን ቤት ከውስጥም ከውጭም ለክተህ ሳል ይላል። ይህን ካለፍኩ ሰርተፍኬት አገኛለሁ። ሰርተፍኬቱን ይዘህ ና፣ ሥራ እሰጥሃለሁ ያለኝ የሕንፃ ተቋራጭም ነበር። ከወደቅሁ ሦስት ዓመቴን ውሃ በላው ማለት ነው።

ሱቃችን የሱቆቹ ረድፍ ጥግ ላይ ስለነበረ የውጩን ግድግዳ ከአናጢ በተዋስኩት ሜትር ራሴ ለካሁ። የውስጡን ግን አባቴ አላስነካኝም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚለካ ሰው አልነበረም። እሑድ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጋቢውን አስቀመጠና ከአቡጀዴው ላይ የእንጨት ሜትሩን አንስቶ በግድግዳው ሥር እየተንበረከከ ለካልኝ። እኔ ጻፍኩ።

«ስምንት ሜትር፣ ልክ!» አለ ጥጉ ላይ ደርሶ። ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ኩራት ነበር።

ሥዕሉ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። የውጩ ልክና የውስጡ ልክ አልተገናኙም። የሁለቱን ግድግዳ ውፍረት ቀንሰን እንኳ ሃያ ሳንቲ ሜትር የገባበት ጠፍቷል፤ እንደገና ለክተህ ላክ፣ ይህ የመጨረሻ ዕድልህ ነው ይላል ቀዩ ጽሑፍ።

ነገሩ የገባኝ አባቴ ለአንዲት ሴት አቡጀዴ ሲለካ ቆሜ ሳይ ነው። የሜትሩ ጫፍ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ቀጣዩን ሜትር የሚጀምረው ከጣቱ ወዲያ ነው። በየሜትሩ አንድ አውራ ጣት ለገዢው ምራቂ ትሆናለች። «ከሚጎድለው ይትረፈው» ይላል ሁልጊዜ። እጁ ይህን ለምዷል። ግድግዳውንም የለካው እንደዚያው ነው፤ ለግድግዳው ስምንት አውራ ጣት መርቆለታል። ጨርቅ ላይ የሚተርፈው፣ ቤት ላይ ሲሆን ጎደለ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ሜትሩ ሙሉ ነው መባል ነበር ሀብቱ። ስለዚህ ለቅሶ የሄደበትን ቀን ጠብቄ የአናጢውን ሜትር አመጣሁና መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ስምንት ሜትር ከሃያ። ልክ ይህን እየጻፍኩ አባቴን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ድጋሚ ለካ ብለውኝ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ለክቼልህ የለም እንዴ?»

ቀይ የተጻፈበትን ወረቀት አየ፤ እንግሊዝኛ ባይችልም ቁጥር ያውቃል። የእንጨት ሜትሩን አንሥቶ ከአናጢው ሜትር ጎን አጋደመው፤ ጫፉ ላይ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ጣቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ለካስ ልክ አላውቅም ኖሯል» አለ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። መጀመሪያ በሳቀበት ትምህርት በልጬው ነበር። ጨርቅ ላይ እኮ ልክ ነህ፣ እዚህ ቤት ላይ ነው እንጂ ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ ነበረ። አላልኩም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። በሳምንቱ የቆየች ደንበኛችን መጣች። አምስት ሜትር ለካላት፤ አውራ ጣቱ ከጨርቁ ላይ አላረፈም።

«ጋሼ፣ ምራቂዬን ዛሬ ረሷት እንዴ?»

«ልኩ ይሄ ነው፣ እትዬ» አላት ቀና ሳይል። «ልጄ ተምሮ ነገረኝ።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። እኔ ማስመሪያዬን አየሁ። የዚያን ቀንም አልተናገርኩም፤ በነጋታውም። ሰርተፍኬቱ መጣ። አባቴ በፍሬም አስገብቶ ከባንኮኒው በላይ ሰቀለው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያሳይ ነበር። እስከ መጨረሻው ግን ለማንም አልመረቀም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ዞሩ፤ እሱም የት ሄዱ ብሎ አልጠየቀም።

እኔ ከተቋራጩ ዘንድ ገባሁ። ዓመታት ቆይቶ ረድፉ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ለመገነዣው የሚሆን አቡጀዴ የገዛሁት እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ካለው ከድሮ ጎረቤታችን ነው። ሽማግሌው ከስልጤ ገና በልጅነታቸው የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ አባቴን ጠንቅቀው ያውቁታል። አምስት ሜትር አልኳቸው። የእንጨት ሜትራቸውን አወጡና በየሜትሩ ጫፍ አውራ ጣታቸውን እያሳረፉ ለኩ። አምስቱንም ቆጠርኩ።

«ጨርቅ ላይ ልክ ነበር» አልኩ።

«ማን?» አሉ መቀሱን እያነሡ።

«አባቴ።»

«ታዲያ ይሄን የማያውቅ ማን አለ?» አሉኝና ጨርቁን ቆረጡት።