ላይፍ ጃኬታችንን አውልቀን የበላነው ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ላይፍ ጃኬት፣ ያን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ልገዛላት ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ገባሁ። ብርቱካንማውን አልብሻት የደረቷን መቆለፊያ ቀጭ ሳደርገው፣ ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና መቆለፊያውን ፈትቼ ደግሜ ቆለፍኩት፣ ደግሜ ፈታሁት። ሻጯ «አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች፣ ልጄ «ማሚ፣ ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላቸው? ሃያ ዓመት ያለፈው ድንጋጤ እንዲህ በሱቅ መሀል ይይዘኛል ብዬ መች አስቤ! ከፍዬ ወጣሁና መኪና ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ልጅ እያለሁ እዚያው አቅራቢያ ካሮልተን ነበር የምንኖረው። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ሁለተኛው ሰመር ነው። የአፓርትመንታችን ደረጃ ከላይ እስከ ታች የሰው ሁሉ ወጥ ይሸታል፤ የኛም፣ የሜክሲኮዎቹም፣ የኮሪያዎቹም። ፓርኪንጉ አስፋልት ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥዬ የጎረቤት ልጆችን አስተምር ነበር፤ በዚያ ሙቀት አስፋልቱ ከጫማችን ሥር እንደ ማስቲካ ይለጠፍ ነበር። አባዬ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ከተማ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ይሠራል። እማዬ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ሁለቱም አንድ ቀን ኦፍ የሆኑ ለት እንደ ዓመት በዓል ነበር የምንደሰተው።

የአባዬ የሥራ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ዓሣን በስሙ የሚጠራ ሰው ነኝ ይላል። ቤታችን በመጣ ቁጥር አንዱን ዓሣ እጁን ዘርግቶ ያሳየናል፤ ዓሣው ደግሞ በየጊዜው ያድጋል። እማዬ «ይሄ ሰውዬ ሐይቁን በወሬ ጨረሰው እኮ» እያለች ትስቅበት ነበር። ያን ሰመር ታዲያ «ወሬ ነው ካላችሁማ ባሕር እንሂድ፣ ጀልባ ሬንት እናድርግ፣ በዓይናችሁ ታያላችሁ» አለ። ሄድን።

ገና ሳይነጋ ከዳላስ ወጥተን እስከ ጋልቨስተን ነዳን። ባሕር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፦ ጨው፣ የበሰበሰ ዓሣ፣ ቤንዚን። ጀልባ አከራዩ ፀሐይ ያጠቆረው ነጭ ሽማግሌ ነበር። ላይፍ ጃኬት በየልካችን ሰጠን፣ የኔን ራሱ አጎንብሶ ቆለፈልኝ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ስለ ውሃው ብዙ ነገር አስረዳቸው። ጋሽ ታደሰ «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል። አባዬም «ኦኬ» ይላል። አልገባኝም፣ ድገምልኝ ማለት ለኛ ሰው እንዴት ጭንቅ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ራቅ ብዬ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ አንድ መንቁረ ረጅም ወፍ እያየሁ ነበር፤ እንግሊዝኛ ከሁሉም የምሻለው እኔ ሆኜ ሳለ አባዬ ዞሮ «ምን አለ?» ብሎም አልጠየቀኝ።

ጠዋቱ ደስ ሲል! ጋሽ ታደሰ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዓሣ ማጥመድ ያውቃል። ለዓሣው ማባበያ የሆነውን ሽሪምፕ መንጠቆ ላይ እንዴት እንደሚሰካ አሳየኝ፣ ክሩ ሲወጠር ቶሎ እንዳልስብ ነገረኝ። አንድ ብርማ ዓሣ ራሴ ሳወጣ አባዬ እልል አለ። ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዴ ብላ እማዬ በሳቅ ሞተች። ውሃው እንደ ተንጣለለ ሜዳ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከወገብ አይበልጥም።

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከውሃው መሀል ብቅ ያለ አሸዋ አየን፤ የአንድ ግቢ ስፋት ያለው፣ ደረቅ፣ ነጭ፣ ጥርት ያለ። «ምሳ እዚህ ነው የሚበላው!» አለች እማዬ። የሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ትሪ ዘርግቶ መብላት አይታሰብማ። እኛ ደግሞ ሳንድዊች በየእጃችን ይዘን አፋችን ውስጥ የምንጠቀጥቅ ሰዎች አይደለንም፤ አንድ ላይ፣ ዙሪያውን ቁጭ ብለን ነው። ጋሽ ታደሰ የጀልባውን አፍንጫ አሸዋው ላይ ጎትቶ አወጣው። አባዬ «መልሕቁስ?» ሲለው «እኛ ሐዋሳ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ የት ይሄዳል?» አለው። ሐይቅ ዕድሜውን ሙሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ባሕር ግን በቀን ውስጥ እንደሚጎድልና እንደሚሞላ ከኛ መሀል የሚያውቅ አልነበረም። ያ ደረቅ አሸዋ ሽማግሌው በእጁ ሲያሳያቸው የነበረው ጉድለት መሆኑን ማን ነግሮን!

እማዬ ትሪውን ዘረጋች፣ ቀይ ወጡን ከድስቱ ገለበጠች። ልቀመጥ ስል ጮኸችብኝ። «አውልቂው! የሰው ዕቃ ነው፣ ወጥ ይነካዋል!» እውነቷን ነው፣ ኪራይ ነው፤ ቆሽሾ ቢመለስ ምን ይሉናል? ለአባዬና ለጋሽ ታደሰም «ኧረ እናንተም፣ እንዲህ ታጥቆ ማዕድ ይቀረባል?» አለቻቸው። ሁላችንም አወለቅን። እማዬ አንድ በአንድ ተቀብላ፣ አጣጥፋ፣ ጀልባው ውስጥ በሥርዓት ደረደረቻቸው። ስልኮቹንም አሸዋ እንዳይገባባቸው እዚያው ላያቸው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጸሎት ተደረገ፣ ተጎራረስን፣ ተሳሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ተረት ያን ቀን በልቼው ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። እግሬ ቀዝቀዝ አለኝና ስመለከት የትሪው ጠርዝ ጋ ውሃ ደርሷል። ቀና ስል ጀልባው የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን ከኛ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። በእጄ ብቻ ጠቆምኩ። እማዬ ያየችውን አይታ «በስመ አብ!» አለችና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። አባዬ የያዘው ጉርሻ ከእጁ ወድቆ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይታየኛል።

ጋሽ ታደሰ ሸሚዙን ቀዶ ጣለና ገባ። እማዬ «ጋሽ ታደሰ ተው! በእመብርሃን ተው!» ብትል ማን ሰምቷት! እንደሱ የሚዋኝ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ግን ጀልባው ይፈጥናል፣ ነፋሱም ወደዚያው ነው የሚገፋው። ጭንቅላቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና ጠፋ። ጠፋ! እኔ፣ እማዬና አባዬ ብቻ ቀረን። እናትና አባቴ ደግሞ ዋና የሚባል ነገር አያውቁም።

አሸዋው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት ሆነ። ስንቆም እግራችን ሥር ያለውን አሸዋ ውሃው እየጎተተ ይወስደዋል፤ እየቆምክ መስመጥ ማለት እሱ ነው። አባዬ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እማዬ ወገቧ ድረስ ትገባና አባዬ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ ትነሳለች። ያኔም ትሪውን አልለቀቀችም፣ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች። አንዴ ማዕበሉ ደረቷ ደርሶ አሽቀነጠራትና በመከራ ተነሳች። ያኔ ነው ያለችው። አልጮኸችም፣ ዳቦ ግዛ እንደምትለው ባለ ድምፅ ነው።

«ግርማ፣ ስማኝ። እኔ ቁመቴ አጭር ነው። ከወደቅሁ ዞረህ እንዳታየኝ። እሷን ብቻ ይዘህ ቁም።»

አባዬ ምንም አልመለሰም። ውሃው የቱንም ያህል ቢያስፈራኝ እንደዚያ ንግግር አላስደነገጠኝም። እናት ትወድቃለች? አባትስ ዞሮ አያያትም? የምይዘውን አጥቼ ጸጉሩን በሁለት እጄ ጨመደድኩት። እማዬ ግን ተናግራ ስትጨርስ ትሪውን ከፍ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረችው፤ ሩቅ አንዲት ነጭ ጀልባ አይታ ነበር። ትሪው ብልጭ አለ። ደግማ አዞረችው። ብልጭ፣ ብልጭ ታደርጋለች፣ «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ያቺ ጀልባ አፍንጫዋን ወደ እኛ ስታዞር አባዬም አንድ እጁን አንስቶ ያውለበልብላት ጀመር።

ባልና ሚስት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እያንዳንዳችንን ጎትተው አወጡን፣ ሴትዮዋ ፎጣ አለበሰችኝ። እማዬ በአማርኛ «አንድ ሰው አለ! አንድ ሰው ቀርቷል!» እያለች በጣቷ ታሳያለች፤ ያን ቀን ቋንቋ ያላስፈለጋት ለዚያ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰን ያገኘነው ጀልባችን ጎን ነው፤ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። ደርሶበታል፣ ወጥቶ ለመግባት ግን አቅም አልነበረውም። ደረቱን ዛጎል ሸርክቶታል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። እኔን ሲያይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደብ ስንደርስ አከራዩ ሽማግሌ ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ። ላይፍ ጃኬቶቹ እንደተጣጠፉ ናቸው፣ ጠብታ ወጥ አልነካቸውም። እሱ እነሱን አየ፣ እኛን አየ፣ መልሶ እነሱን አየ። ትንሹን አነሳና፣ ደረቅ መሬት ላይ እንደቆምኩ፣ አልብሶ ቆለፈልኝ።

ዛሬ ዛሬ እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ይዘን ባሕር እንወርዳለን። ብትፈሩ ይሻላል የሚል ካለ፣ እንፈራለን፤ ለዚህ ነው ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ከቤት የማልወጣው። መልሕቅ ሳይጣል የሚወርድ የለም። ምሳ የሚበላው ጀልባው ላይ ነው፣ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ጃኬቱ እንደተቆለፈ። የልጄ የድሮው ጃኬት ከአንገቱ እስከ ሆዱ ወጥ በወጥ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። የዱሮው ማዕድ ግን ይናፍቀኛል። ያን ያህል የሚጣፍጥ ምሳ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም ብል ማን ያምነኛል?

ከሱቁ በማግስቱ፣ እሁድ፣ ካሮልተን እናትና አባቴ ቤት ሄድን። ልጄ አዲሱን ጃኬት ለብሳ ሳሎን ውስጥ ትዘላለች። እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ ዜና ያያል። ያን ቀን በቤታችን አንስተነው አናውቅም። እኔ ግን አላስችል አለኝና «እማዬ፣ ያኔ ውሃው ውስጥ ሆነሽ ለአባዬ ያልሽው ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«እና ሌላ ምን ይባላል?» አለች፣ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል። «አንቺስ ብትሆኚ ምን ልትዪ ኖሯል?» ልጄን አየኋት።

ያን ጊዜ አባዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «እኔ እሺ አላልኩም» አለ።

እማዬ ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«እሺ አላልኩሽም።»

«ዝም አልክ እኮ ግርማ! ሃያ ዓመት ሙሉ እሺ ያልከኝ ነው የመሰለኝ።»

«ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ናት፣ ትሰማለች» አለ አባዬ። «እሺ ብል እናቷን ጣልኩባት። እምቢ ብል እሷን ጣልኳት። ምን ልበል ነበር?»

እማዬ በሽንኩርት እጇ ዓይኗን ጠረገች፣ ይባስ አቃጠላት። እኔ ያኔ ትከሻው ላይ ስለነበርኩ የታየኝ አናቱ ብቻ ነው። ፊቱን ያየሁት ገና ትናንት ነው።