ሆድሽስ እንዴት ነው?

ጽሑፌ ከሰሌዳው ላይ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ ያዩት ተማሪዎቼ ናቸው። ሰበታ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ እንዲያየው ርዕሱን ሰሌዳው አናት ላይ በትልልቁ መጻፍ እወዳለሁ። በዚያ ዓመት ግን ሳላስበው ወደ መሃል ወረደ፣ ከዚያም ከመሃል በታች ሆነ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ርዕሱ ወገብ ላይ ደረሰ እኮ፤ የፊተኞቹ ጭንቅላት እየጋረደን ነው» አለችኝ። ቁጡ ሰው ነኝ፤ «ታዲያ ጭንቅላታቸውን ላንሳልሽ?» ብያት ቀጠልኩ። ማታ ፀጉሬን ልጎነጉን ስል ክንዴ መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ልክ እንደነበረች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቢሆንም ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ድካም አለመሆኑ የለየለት በስቅለት ዕለት ነው። ስቅለትን ሁልጊዜ የምሰግደው ሱሉልታ፣ ያሳደጉኝ አክስቴ ጋ ሄጄ ነው። በሴቶቹ በኩል ቆመን እየሰገድን ሳለ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ አለኝ። እጄን መሬት ላይ ተክዬ ልገፋ ሞከርኩ፤ እጄም አልቻለም። ሕዝቡ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ እኔ እዚያው ተደፍቻለሁ። ከጎኔ የነበረች ሴት ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ዝቅ ባለች ቁጥር «እንዴት ያለች ጸሎተኛ ናት» ስትል ይሰማኛል። በመጨረሻም ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «እህቴ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» አለችኝ። አፈሩ አፌ ገብቷል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ሳቄም ይታገለኛል። «አንሺኝ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት እንዳቃተችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴ ናቸው አንዴ አይተውኝ «ይሄ ጸሎት አይደለም» ብለው በብብቴ ገብተው የጎተቱኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰግዶ በራስ መነሳት።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባሁ። ደሜን ቀዱ፣ ጡንቻዬን በመርፌ እየወጉ ለኩ፣ ከጭኔም ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ውጤቱ ሳምንታት ስለሚቆይ እስከዚያው ክኒን አስጀመሩኝ። ውጤቱን የነገረችኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ረጋ ያለች ሐኪም ናት። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር እንድነሳ ጠየቀችኝ። ሞከርኩ፤ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ አስረዳችኝ። የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ጡንቻዬን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያጠቃው ነው። ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ የቤቱን ልጆች በዱላ ሲያባርር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ደረቅ ዓይን ይዤ ሰማሁ። ኋላ ግን ብዕሯን አስቀመጠችና፣ ፊቴን እያየች፣ «ሆድሽስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ተንሰቀሰቅሁ። ሆዴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ እግሬና ስለ ክንዴ ነው። «ሆዴማ ከባሰው ቆየ» ብዬ ጀመርኩላት፤ ብቻዬን መሆኔን፣ ታክሲ ላይ ለመውጣት ከኋላ ካልገፉኝ እንደማልችል፣ ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ከእጄ መውደቁን አንድ በአንድ አወራሁላት። አላቋረጠችኝም። ሶፍት ሰጠችኝ፣ ጠበቀችኝ። ስጨርስ በጣም ቀስ ብላ፣ «አይዞሽ። እኔ ግን የጠየቅሁሽ ስለ መጸዳዳትሽ ነው። ይነፋሻል? ይደርቅብሻል? ያስቀምጥሻል?» አለችኝ። የምግብ መፈጨት ሥርዓትን ለልጆች የማስተምር ሰው፣ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ሆድ የሚለውን ቃል ለብሶት ብቻ የተሠራ አደረግሁት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷም እንባዋን ጠረገች።

ሆዴስ ደህና አልነበረም። ጡንቻዬ ሳይደክም ብዙ ቀደም ብሎ ይነፋኝ፣ አንዴ ይደርቅብኝ፣ አንዴ ይለቀኝ ነበር፤ በባቄላና በጨጓራ እያሳበብኩ ኖርኩ። ሐኪሟ ለምን እንደጠየቀችኝ ስትነግረኝ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ ሳብኩት። ከሰውነታችን መከላከያ ሕዋሳት እጅግ ብዙዎቹ የሚውሉት አንጀት አካባቢ ነው አለችኝ። አንጀት ውስጥ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ዘበኛው የትኛው ቤተሰብ የትኛው ባዕድ እንደሆነ የሚማረው ከእነሱ ጋር እየዋለ ነው። የዚያ ሰፈር ሰላም ሲደፈርስ ዘበኛውም ሊሳሳት ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ።

«ጡንቻዬንም እንዲህ ነው ያደረገው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «በሌሎች ተዛማጅ በሽታዎች ላይ ብዙ እየተሠራ ነው፤ የጡንቻው ገና ጅምር ነው። የታማሚዎች አንጀት ከጤነኞች ለየት ብሎ የታየበት ጊዜ አለ። ግን በሽታው ይሁን የለወጠው፣ መድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ ለውጡ ቀድሞ በሽታውን ይሁን የቀሰቀሰው፣ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነግርሽ የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላውቅም» ሲባል ይከፋው ይሆናል፤ እኔ ግን ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ለዓመታት «ትልቁ አንጀት ውሃ ይመጥጣል፣ ዓይነ ምድርን ያከማቻል» ብዬ በአንድ አረፍተ ነገር ስሸኘው የኖርኩት ነገር ውስጥ ይህን ያህል ጉድ አለ ለካ። ቋንቋችንስ ቢሆን፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይሸብራል፣ አንጀት ይበላል፣ አንጀት ቅቤ ይጠጣል። ስናወራ ሁሉን ነገር እዚያ አስቀምጠን፣ ስናስተምር ባዶ ቱቦ አደረግነው። ወደ ሰበታ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጠች ሴት ስለ አንጀቷ ነዋሪዎች በስፋት አስረዳኋት። ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ ቦታ ቀየረች።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያቺን «ርዕሱ ወገብ ላይ ደረሰ» ያለችኝን ተማሪ ጠመኔ አስያዝኳትና ርዕሱን ሰሌዳው አናት ላይ አስጻፍኳት። ሆድ ውስጥ ስላሉ ነዋሪዎች ስናወራ ልጆቹ መጀመሪያ ስለ ፈስ እየተንሾካሾኩ ተሳሳቁ፤ ደወሉ ሲደወል ግን የተነሳ አልነበረም። ቆሜ መዋል ቢያቅተኝም ተቀምጬ እንዲያ ያስተማርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ሱሉልታ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳቸው። አክስቴ ላም አርቢ ናቸው፤ ሲደሰቱም ሲቆጡም ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ሐኪሟ ሆድን እንደጠረጠረች ስነግራቸው ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገራ ነው አላልኩሽም? ከመጀመሪያውም ሆድ ነው።» ብድግ ብለው ጓዳ ገቡና በጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ኮሶ ይዘው ወጡ። የኮሶ ትል የሚያስወጣው፣ ያ የድሮው መራራ መድኃኒት። «ነገ በባዶ ሆድሽ ትጠጪዋለሽ፤ ያለውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ያወጣዋል። ያንን ክኒን ደግሞ ወዲያ ጣይው። ፊትሽን እንደ ዳቦ ያሳበጠው እሱ አይደል?»

እውነታቸውን ነው፤ ክኒኑ ፊቴን አሳብጦት፣ እንቅልፌን ነስቶኝ ነበር። መስታወት ማየት ትቼ ነበር። መንስኤው ሆድ ከሆነ ሆድን ጠርጎ መገላገል ምን ነውር አለው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ቋጠሮውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ግን ደግሞ በዚያ ሳምንት ለልጆቹ ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ነዋሪዎች ናቸው ብያለሁ። ነዋሪ እንዴት ይጠረጋል? ለሐኪሟ ደወልኩና አክስቴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ክኒኑን በድንገት ካቆምሽ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ የሚቀነሰው እኔ እያየሁሽ ቀስ በቀስ ነው» አለች። «ኮሶውንም እንዳትጠጪ። እኛ የምንፈልገው አንጀትሽን ባዶ ማድረግ አይደለም። ጥራጥሬ ብዪ፣ ጎመን ብዪ፣ ዓይነቱን አብዢው፤ የእነሱ ቀለብ እሱ ነው። እርጎም ከተስማማሽ መልካም፤ ከጥሬ ወተት የተሠራ ግን እንዳይሆን። መድኃኒቱ መከላከያሽን ስለሚያዳክመው ያልፈላ ወተት ሊያሳምምሽ ይችላል።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮሶው ቢቀር አክስቴን ያን ያህል አልከፋቸውም። ወተቱ ነው የከነከናቸው። «የእኔን ወተት?» አሉ። «አንቺ በእሱ አይደል ያደግሽው?» ከዚያ ወደ ኦሮምኛ አለፉ፤ ልድገመው ብል አያምርብኝም። ተኮራርፈን ተለያየን።

ከሰነበተ በኋላ ደወሉልኝ፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። «አፍልቼው እምቢ አለኝ፤ አልረጋም» አሉ። ሳይነግሩኝ ሲታገሉ ከርመዋል ለካ። ሲፈላ የሚያረጋው ነገር አብሮ እንደሚሞት፣ ለብ ሲል ከፋብሪካ እርጎ ትንሽ ጠብ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ላም ያለው ሰው ሱቅ ገብቶ እርጎ ሲገዛ ሱሉልታ ውስጥ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። ገዙት፤ ጎረቤት እንዳያይባቸው ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው አመጡት። ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥበው ወተቱን አረጉት። በቀጣዩ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍተው ሲያሳዩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ረጋልሽ» አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መልመጃ የምታሠራኝ ባለሙያ ቡራዩ ናት። ያዘዘችልኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቁጭ ብድግ። ስንት ተማሪ በቁጭ ብድግ የቀጣሁ ሰው፣ በተራዬ ጠረጴዛዬን ይዤ በእረፍት ሰዓት ስሠራ ልጆቹ በመስኮት እያዩ በደስታ ይቆጥሩልኝ ነበር። ቶሎ እንድጨርስ አንዳንዱን ቁጥር እንደሚዘሉልኝ ነቅቼባቸዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እርጎው ቀረ። የንስሐ አባቴ ክኒኑን ከቁርስ ጋር እንድውጥ ፈቀዱልኝ፤ ሌላው ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ሆነ። ይህ ሁሉ ለአንጀቴ ነዋሪዎች ድግስ መሆኑን ለአክስቴ ስነግራቸው፣ «እኛ ስንጾም እነሱ ይፈስካሉ በይኛ» አሉ።

ክንዴ እየቀለለ፣ ጭኔ እየታዘዘኝ መጣ። ሐኪሟ ክኒኑንና ቁጭ ብድጉን ታመሰግናለች፤ አክስቴ እርጎውን። እኔ አንጀቴን ያየልኝ ስለሌለ አልፈርድም። ሳይንሱ ሲደርስበት በሕይወት ኖሬ መስማት እፈልጋለሁ፤ እንዲህ የምጓጓለት ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ስቅለት ደረሰና ሱሉልታ ሄድኩ። አክስቴ ከጎኔ ቆሙ፤ ዓይናቸው መቅደሱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። ወደ መሬት ወረድኩ፤ ግንባሬ አፈር ነካ። ጭኔን አዘዝኩት። ተንቀጠቀጠ፣ ዘገየ፣ ግን አነሳኝ። ቆምኩ። ማንም ሳይነካኝ ቆሜ ሰማዩን አየሁ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ብዬ ለአክስቴ ላሳያቸው ስል ግን የሉም። መሬት ላይ እንደተደፉ ቀርተዋል፤ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው አልተነሱም። ደነገጥኩ፤ ተንበረከክሁና ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«አክስቴ፣ ምን ሆኑብኝ? ጉልበትዎ ነው?»

«ጉልበቴ ደህና ነው» አሉ ፊታቸውን ሳያነሱ። ትከሻቸው ይርገበገባል። «ሆዴ ነው።»

የትኛው ሆድ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በብብታቸው ገብቼ አነሳኋቸው።